ኢትዮጵያ ስለምትባለው ትንሽ የሰማይ ድንጋይ

ሰው በማያውቀው አገር ስሙ ሲጠራ ቢሰማ፣ የተጠራው እርሱ እንዳልሆነ እያወቀ እንኳ፣ ዘወር ብሎ ማየቱ አይቀርም። የአገርም ስም እንደዚሁ ነው። በሩቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ሱቅ በር ላይ የአገሩን ስም ተጽፎ ያገኘ መንገደኛ ቆም ብሎ ያነበዋል፤ ባለሱቁን ከዚያ በፊት አይቶት ባያውቅም እንደ ዘመድ ይቈጥረዋል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር፣ ይኸውም ስሙ ስለ ተጻፈ ብቻ ክብር የተጨመረለት መስሎት ሰው ደረቱን የሚነፋው፣ ጥቂት ሊመረመር የሚገባው ይመስለኛል። ለዚህ ምርመራ የሚረዳኝን ምሳሌ ያገኘሁት በምድር ላይ አይደለም።

የተወደድህ ወጣት አንባቢ ሆይ! በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ሰፊ ባዶ ስፍራ ፀሐይን ከሚዞሩት እጅግ ብዙ ድንጋዮች መካከል ኢትዮጵያ የምትባል አንዲት ድንጋይ አለች። የመዝገብ ቍጥሯ 1432 ነው። ውሃ የላትም፤ አየር የላትም፤ የሚበቅልባትም ሆነ የሚኖርባት ነገር የለም። ከዳር እስከ ዳር ብትለካ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰች ናት፤ ብርቱ እግረኛ ስንቁን ይዞ በማለዳ ቢነሣ ዙሪያዋን ዞሮ ሳይመሽ ከተነሣበት ሊደርስ ይችል ነበር፤ ይህም እግሩ መሬት የሚይዝለት ቢሆን ነው። ስበቷ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ግን አንድ እረኛ በላይዋ ቆሞ በወንጭፍ ቢወረውር፣ የወረወረው ጠጠር እንደ ወጣ ይቀራል እንጂ ተመልሶ አይወድቅም። እንግዲህ በሰማይ ያለችው ስመ ሞክሼአችን ይህች ናት።

እንዲህ ያሉት ድንጋዮች አስትሮይድ ይባላሉ። ስሙን በ1802 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ያወጣላቸው ዊልያም ኸርሸል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነው፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው ኮከብ መሳይ ማለት ነው። ኮከብ አለመሆናቸውን ስሙ ራሱ ይናገራል። የራሳቸው ብርሃን የላቸውምና፤ የሚታዩት ከፀሐይ የተበደሩትን ብርሃን መልሰው ሲልኩ ነው። እስከ ዛሬ የታወቁት ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ቍጥሩን የሰማ ሰው እንደ ገበያ ቀን መንገድ የተጨናነቁ ይመስሉታል፤ ሲኒማ ቤትም የሚያሳየን እንደዚያ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሁሉም በአንድነት ቢሰበሰቡ የጨረቃን ክብደት ከመቶ እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ብቻ ይመዝናሉ፤ የሚኖሩበት ስፍራ ደግሞ ለማሰብ የሚያስቸግር ስፋት አለው። ፓዮኒር 10 የተባለው መንኰራኵር በ1972 እና በ1973 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በመካከላቸው አልፎ ሲሄድ ከአንዱም ጋር አልተጋጨም።

የመጀመሪያው አስትሮይድ እንዴት እንደ ተገኘ ማወቅ ለነገሬ ስለሚያስፈልግ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቈይ። ጁዜፔ ፒያትሲ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ በሲሲሊያ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ሆኖ ከዋክብትን በየቦታቸው እየመዘገበ ይኖር ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1801 ዓ.ም. በጥር ወር የመጀመሪያ ሌሊት በመዝገብ ያልነበረች አንዲት ደብዛዛ ኮከብ አየ። በማግሥቱ ሌሊት ሲያያት ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ብላለች። ኮከብ ደግሞ እንዲህ አይሄድም። ፒያትሲ «አዲስ ዓለም አገኘሁ» ብሎ አደባባይ አልወጣም፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ሁሉ እየተነሣ ቦታዋን ይጽፍ ጀመር። በ41 ቀን ውስጥ 24 ጊዜ ከተመለከታት በኋላ ታመመ፤ እርሷም ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ስለ ተጠጋች በብርሃን ተሸፍና ጠፋች።

አንባቢዬ ሆይ፣ አስተውል። ፒያትሲ አይቷታል፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን መንገዷ አልታወቀምና፣ ከፀሐይ ወዲያ ስትወጣ በየትኛው የሰማይ ክፍል እንደምትገኝ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ የታየ፣ ግን መንገዱ ያልታወቀ ነገር፣ ጨርሶ እንዳልታየ ያህል ይቈጠራል። በዚህ ጊዜ ነው ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ የሚባል የ24 ዓመት ጀርመናዊ ጐልማሳ፣ ቴሌስኮፕ ሳይዝ፣ ብዕርና ወረቀት ብቻ ይዞ የተቀመጠው። ፒያትሲ የጻፋቸውን ጥቂት ቦታዎች ወስዶ የማታየውን ድንጋይ ምሕዋር በሒሳብ አወጣ፤ «በዚህ ጊዜ ብትፈልጓት በዚህ አካባቢ ታገኟታላችሁ» አለ። የዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ተመልካቾቹ ቴሌስኮፓቸውን እርሱ ወዳለው ቦታ ቢያዞሩ ተገኘች። ይህን ታሪክ በማስታውስበት ጊዜ ሁሉ ልቤ ይደሰታል። መነኩሴው ጣሊያናዊ፣ ሒሳበኛው ጀርመናዊ መሆናቸውም፣ በኋላ የምናገረውን ዘመን ሳስብ፣ ሕዝብን ሁሉ በአንድ ሚዛን እንዳልመዝን ይገሥጸኛል።

ደግሞ ስለ ስሟ አንድ ነገር ልጨምር። ፒያትሲ ድንጋይዋን ሴሬስ ፈርዲናንዴያ ብሎ ነበር የሰየማት፤ ሴሬስ የጥንት ሮማውያን የእህል አምላክ ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው ስም በጊዜው ይገዛ ለነበረው ለንጉሥ ፈርዲናንድ ክብር የተጨመረ ነው። የንጉሡን ስም ሌላው ዓለም አልተቀበለውም፤ ወዲያው ቀረ። ዛሬ ሴሬስ ብቻ ትባላለች፤ በትልቅነቷም ምክንያት ከ2006 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ወዲህ ድንክ ፕላኔት ተብላለች። ለባለ ሥልጣን ደስታ ሲባል የሚሰጥ ስም በሰማይም ላይ ዕድሜው አጭር ነው ማለት ነው።

ወደ ስመ ሞክሼአችን ልመለስ። እርሷ የተገኘችው ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ያገኛት ሲሪል ጃክሰን ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ከተማ ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ ይባል በነበረው የከዋክብት መመልከቻ ይሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ ሥራው በፎቶግራፍ መስታወት ነበር። የሰማይን አንድ ክፍል ለብዙ ደቂቃ እያነሡ መስታወቱን ካጠቡት በኋላ በትዕግሥት ይመረምሩታል፤ ኮከብ የሆነው ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ አስትሮይድ ግን እየሄደ ስለ ሆነ ከነጥቡ መካከል አጭር ጭረት መስሎ ይገኛል። ወይም በልዩ ልዩ ሰዓት የተነሡትን ሁለት መስታወቶች አስተያይቶ የተንቀሳቀሰውን መለየት ነው። ጃክሰን በዚህ አኳኋን 72 አስትሮይዶችን አገኘ።

የመጀመሪያ ስሟ ግን ኢትዮጵያ አልነበረም፤ «1937 ፒጂ» ነበር። ዓመቱ የተገኘችበት ዓመት ነው፤ ፒ የተባለው ፊደል የነሐሴን ወር የመጀመሪያ አጋማሽ ያመለክታል፤ ጂ ደግሞ በዚያ አጋማሽ ከተመዘገቡት ሰባተኛዋ መሆኗን። ከዚያ በኋላ በሌላ ሌሊት፣ በሌላ ወር መታየት፣ የታየችበትም ቦታ ሒሳቡ ከሚለው ጋር መስማማት አለበት። ምሕዋሯ እንደማያጠራጥር ሲታወቅ ቋሚ ቍጥር ይሰጣታል፤ ስም የሚከተለው ከቍጥሩ በኋላ ነው። በእኛ አገር ሕፃን ገና ዐይኑን ሳይገልጥ ስም ይወጣለታል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የክርስትና ስም ይጨመርላቸዋል፤ ወደ ፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆኑ የሚጠይቅ የለም። በአስትሮይድ ዘንድ ሥርዓቱ ተገላቢጦሽ ነው። መንገዱ ሳይታወቅ ስም አይሰጠውም። ከሁለቱ ልማዶች የኛው ርኅራኄ ያለበት ነው፤ የእነርሱ ግን ጥንቃቄ ያለበት ነው።

አሁን ዓመቱን እንይ። 1929 ዓ.ም. በአገራችን ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበረ ላልተማረ እንኳ የተሰወረ አይደለም። የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ ሦስት ቀን ዘልቋል፤ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሽነዋል። ከዚያ አስቀድሞ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት መንግሥት አገራችንን ከኤርትራና በእጁ ከነበረው ሶማልያ ጋር ቀላቅሎ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ሰይሟት ነበር። በአዲስ የታተመው የወራሪው ካርታ ላይ ኢትዮጵያ የምትባል መንግሥት አልነበረችም። እንግዲህ በዚያ ክረምት፣ ስሟ ከምድር ካርታ በተፋቀበት ጊዜ፣ በኋላ በዚያው ስም የምትጠራው ድንጋይ ጆሃንስበርግ ውስጥ በአንድ መስታወት ላይ ታየች።

ይህን ነገር ያነበበው የእኅቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ አንድ ቀን ቤቴ ድረስ እየሮጠ መጣ። ወረቀትና እርሳስ ይዟል።

«ጋሼ፣ ይህችን ድንጋይ ታውቃታለህ አይደል?» አለኝ።

«አውቃታለሁ» አልሁት።

«ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞራ የምትጨርሰው በ3 ዓመት ከ8 ወር ነው። ከተገኘችበት ቀን ጀምሮ ቈጠርሁት። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳ ከነበረችበት የምሕዋሯ ቦታ የደረሰችው መቼ እንደ ሆነ ገምት!»

እኔም ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን የለቀቀው፣ የእንግሊዝም ጦር የገባባት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከአንድ ወር በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ገቡ።

«ታዲያ ይህ ምልክት አይደለም?» አለ ልጁ፤ ዐይኑ ያበራ ነበር። «ስሟ ሲፋቅ በሰማይ ታየች፤ ዙሯን ስትጨርስ አገሪቱ ነጻ ወጣች። ይህን በየመድረኩ ልናገረው ነው።»

ደስታውን ማጥፋት አስጨነቀኝ። ግን ዝም ማለት አልተቻለኝም። «እሺ፣ መቍጠርህን አታቋርጥ» አልሁት። «ዐሥረኛውን ዙር የጨረሰችው መቼ ነው?»

ጥቂት ጊዜ ሲጽፍ ቈየና «1966» አለ፤ ድምፁ ቀነስ ብሏል። የወሎ ረኃብ ዓመት፣ የአብዮቱም ዋዜማ።

«ዐሥራ ሦስተኛውንስ?»

«1977» አለና እርሳሱን አስቀመጠ። ያም ሌላ የረኃብ ዓመት ነው።

የመጀመሪያው ዙር ምልክት ከሆነ ዐሥረኛውና ዐሥራ ሦስተኛውም ምልክት ሊሆኑ ነው። ደስ ያሰኘንን ዙር መርጠን ሌላውን ብንተው፣ ይህ ማታለል እንጂ መቍጠር አይባልም። ድንጋይዋ ከተገኘች ወዲህ እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 24 ጊዜ ያህል ፀሐይን ዞራለች፤ በእነዚህ ሁሉ ዙሮች በምድር ላይ ድልም ሆነ፣ ሞትም ሆነ፣ ብዙ ተራ ቀንም አለፈ፤ እርሷ ስለ አንዱም አላወቀችም። ጃክሰንም ስሙን ለእኛ ብቻ ያወጣው ልዩ ስጦታ ተደርጎ እንዳይታሰብ፣ ዝርዝሩን ማየት ይበቃል። 1193 አፍሪካ ናት፤ 1278 ኬንያ፤ 1279 ዩጋንዳ፤ 1428 ሞምባሳ፤ 1430 ሶማልያ፤ 1431 ሉዋንዳ፤ ከዚያ 1432 ኢትዮጵያ። ሰውየው በሚኖርበት ክፍለ ዓለም ያሉትን አገሮች፣ ከተሞችና ወንዞች በየተራ ለድንጋዮቹ ሲሰይም ነበር፤ እኛም በተራችን ደረሰን። በተራ መጠራትም ክብር ነው፤ ከጎረቤት ተለይቶ መጠራት ብቻ አይደለም ክብር።

በአገራችን የከዋክብት ሐሳብ ሁለት ዓይነት ሆኖ መቈየቱን እዚህ ላይ ልጥቀስ። አንደኛው ሰውዬውን በስሙና በእናቱ ስም ፊደል ቈጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ ኮከብህ ይህ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስልቶ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን የሚያወጣው። ሁለቱም ቍጥር ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም የሊቃውንት ሥራ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ባሕረ ሐሳብ ያወጣውን ማንም ሰው በሌላ አገር ተቀምጦ ቢያሰላው ያንኑ ያገኛል፤ ቢሳሳት ስሕተቱ ይታወቃል። የስም ቈጣሪው ቃል ግን መቼም ስሕተት ሆኖ አይገኝም፤ ለሆነውም ላልሆነውም ምክንያት አያጣምና። የእኅቴ ልጅ የጀመረው በባሕረ ሐሳብ መንገድ ነበር፤ ሒሳቡም የሚያስመሰግነው ነው። ሳያውቀው የገባው ግን በሌላኛው በር ነው።

ስለዚህ ነገር እንዲህ አጥብቄ የምከራከረው በሳይንስ ፍቅር ብቻ አይደለም። በእናቴ በኩል ያለችው አያቴ በጣሊያን ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቶ ነበር። እርሷ በሳምንት አንድ ሌሊት በሶና ቆሎ በአገልግል ይዛ፣ ከጠላት ምሽግ በታች ያለውን ገደል ወርዳ፣ ስንቁን ከተነጋገሩበት ዋርካ ሥር አስቀምጣ ትመለስ ነበር። እንደ ነገረችን ከሆነ፣ ሰዓት ስላልነበራት የምትመራው በአጥቢያ ኮከብ ነበር፤ ኮከቡ ከጋራው በላይ ብቅ ሲል ወፍ ሳይንጫጫ ቤቷ መድረስ እንዳለባት ታውቅ ነበር። በ1931 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የወሰደችውን ስንቅ፣ በሳምንቱ ስትመለስ ከዋርካው ሥር እንዳለ አገኘችው። ያልተነካ ነበር። እንደገና አንድ ሳምንት ጠብቃ ሌላ ስንቅ ወሰደች፤ ያም አልተነካም። ከዚያ በኋላ መውረዷን ተወች። ወንድሟ የት እንደ ወደቀ እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም።

ይህን ለእኅቴ ልጅ ነገርሁት። ቀድሞም ሰምቶት ነበር፤ በዚህ ነገር ላይ ግን አላሰበውም ነበር። «እንግዲህ ነጻነቱ በሰማይ ተጽፎ ኖሮ በድንጋይ ዙር የመጣ ከሆነ» አልሁት፣ «በሶውን የተሸከመው ማን ነበር? ለማንስ ዕዳ አለብን?» ልጁም ዝም አለ። ምልክት የሚወድ ሰው ሳያስበው ከሞቱት ይሰርቃል፤ ዋጋው የተከፈለበትን ነገር በነጻ የተገኘ ያስመስለዋልና። አያቴ ኮከብን እንደሚገባው ተጠቀመችበት፤ ሰዓቱን ጠየቀችው እንጂ አገልግሉን እንዲሸከምላት አልጠበቀችም።

«ታዲያ ድንጋይዋ ምንም አትጠቅመንም ማለት ነው?» አለኝ በመጨረሻ፤ ጥቂት ተቈጥቶ።

እኔ እንደዚያ አላልሁም። ምሕዋሯን ራሱን ብናየው ከምልክት ይልቅ የሚበልጥ ትምህርት አለው። መንገዷ ፍጹም ክብ አይደለም፤ በአንድ ወገን ሞላላ ነው። ለፀሐይ በምትቀርብበት ጊዜ 274 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በምትርቅበት ጊዜ 438 ሚሊዮን ያህል። ስትቀርብ በሰከንድ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ሁለት ሰከንድ ይበቃታል ማለት ነው። ስትርቅ ደግሞ ፍጥነቷ እየቀነሰ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዮሐንስ ኬፕለር ከ400 ዓመት በፊት ያገኘው ሕግ ይህ ነው፤ የቀረበ ይፈጥናል፣ የራቀ ይዘገያል። በዚያ በሩቁ ጫፍ ላይ ብቻ ያያት ሰው «ይህችስ ደከመች፤ ልትቆም ነው» ሊል ይችላል። ግን ያው አንድ ምሕዋር ነው፤ መዝገየቷም መፍጠኗም በውስጡ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን የጎረቤቷ ባዶ ስፍራ ነው። ዳንኤል ከርክውድ የተባለ አሜሪካዊ በ1866 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር የታወቁትን አስትሮይዶች ከፀሐይ ባላቸው መካከለኛ ርቀት በተራ ቢደረድራቸው፣ በአንዳንድ ቦታ ማንም የሌለበት ክፍተት አገኘ። ከእነዚህ አንዱ የሚገኘው ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው ሁለት እጥፍ ተኩል በሚሆን ርቀት ላይ ነው። ምክንያቱ ጁፒተር ነው። ጁፒተር ፀሐይን በ12 ዓመት ገደማ ይዞራል፤ በዚያ ርቀት ያለ ድንጋይ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ልክ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱ የሚቀራረቡት ዘወትር በእነዚያው ቦታዎች ነው፤ ጁፒተርም በእነዚያው ቦታዎች፣ በዚያው አኳኋን ጥቂት ሳብ ያደርገዋል። አንዱ ስበት ብቻውን ምንም አይደለም። ሲደጋገም ግን ምሕዋሩን እያስረዘመ፣ እያዛባ፣ በመጨረሻ ድንጋዩን ከነበረበት ያስወጣዋል። የእኛዋ ኢትዮጵያ መካከለኛ ርቀቷ ምድር ከምትርቀው 2.38 እጥፍ ነው፤ ከክፍተቱ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ትገኛለች። ጁፒተር እርሷንም ይስባታል፤ ግን አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ በኩል ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል። እንደ አያቶቻችን አባባል ውሃ ሲወርድ ሲወርድ ድንጋይ ይበሳል፤ ነገር ግን የሚበሳው በአንድ ቦታ ላይ ሲወርድ ብቻ ነው። ይህን የከርክውድን ነገር ለልጁ ስነግረው «ይህስ ስለ ጓደኛ ነው» ብሎ ሳቀ፤ እኔ ስለ ጓደኛ አንድ ቃል አልተናገርሁም ነበር።

እርግጥ ድንጋይዋ ስለ ጽናቷ ልትመሰገን አይገባም። በመንገዷ የምትሄደው መተው ስለማትችል ነው። የአያቴ ወንድም ግን መተው ይችል ነበር፤ ብዙ ሰውም ትቷል፤ ገብቶ ለጠላት ያደረም ነበር። ስለዚህ «እንደ ሰማይዋ ኢትዮጵያ ጽኑ» ብሎ የሚሰብክ ቢመጣ ምሳሌው አነሰ እለዋለሁ።

ልጁ ከመሄዱ በፊት በዐይን ልናያት እንችል እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በባዶ ዐይን ከቶ አትታይም፤ ለምድር እጅግ ስትቀርብ እንኳ ዐይናችን ከሚችለው ደብዛዛ ኮከብ ብዙ እጥፍ የደበዘዘች ናት። ደኅና ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። እርሱ ደግሞ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀ የከዋክብት መመልከቻ አለ፤ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ የእያንዳንዳቸው መስተዋት ስፋት አንድ ሜትር ነው። ጃክሰን ከተጠቀመበት መሣሪያ እጅግ የሚበልጡ ናቸው። ስሙን ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ በሌላ መሣሪያ አወጣልን፤ ቦታዋን መለካት ግን ከእንጦጦ የሚቻል ነገር ነው፤ ለዚያም የሚያስፈልገው ደመና የሌለበት የበጋ ሌሊት፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰውና ትዕግሥት ነው።

«ሳያት ምን ትመስላለች?» አለኝ።

ምንም አትመስልም አልሁት። ከብዙ ነጥቦች መካከል አንዲት ነጥብ ናት፤ ስሟ በአጠገቧ አልተጻፈም። በመጀመሪያው ሌሊት የትኛዋ እንደ ሆነች በማየት ብቻ አትለያትም። ሥዕሉን አስቀምጠህ ትሄዳለህ፤ በማግሥቱ ሌሊት ብርዱን ችለህ ተመልሰህ ያንኑ ቦታ ታነሣለህ፤ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ታስተያያለህ። ሌሎቹ ሁሉ በነበሩበት አሉ። አንዲቱ ግን ፈቀቅ ብላለች።